የዛፍ ግንድና ሥር እንዴት ይወፍራል? ለችግኝ እንክብካቤስ ምን ያስተምራል?

በምሥራቅ ጎጃም ዞን ከቢቸና ተነስቶ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚጓዝ መንገደኛ የጤፍና የስንዴ ማሳዎችን፣ በማሳ ዳር የተተከሉ ባሕር ዛፎችን፣ ራቅ ብሎም በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ተጠብቀው የኖሩ የጥድ፣ የወይራና የዋንዛ ዛፎችን ይመለከታል። ጤፉና ስንዴው በአንድ የምርት ወቅት አድጎ፣ አፍርቶ ሲያበቃ ዛፉ ግን ከዓመት ዓመት ይወፍራል። ይህ የውፍረት ዕድገት በሥነ ሕይወት ትምህርት ሁለተኛ ደረጃ ዕድገት ይባላል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር የሚተከሉ ችግኞች ለዛፍነት እንዲበቁ ሂደቱን ማወቅ ጠቃሚ ነው።

ቁመትና ውፍረት የተለያዩ ናቸው

ዛፍ ቁመት የሚጨምረው በቅርንጫፎቹና በሥሮቹ ጫፍ ብቻ ነው። በመሆኑም ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ብሎ በግንድ ላይ የተመታ ምስማር ዛፉ ሃያ ሜትር ቢደርስም ከነበረበት ከፍታ አይነሳም። ውፍረት ግን የሚመጣው ከቅርፊቱ ሥር ግንዱን ዙሪያውን ከሚከበው ካምቢየም ከተባለ ስስ የሕዋሳት ንጣፍ ነው።

ካምቢየም ወደ ውስጥ ዛይለም የተባለውን፣ ወደ ውጭ ደግሞ ፍሎየም የተባለውን ክፍል ይሠራል። ዛይለም ውኃና ማዕድናትን ከሥር ወደ ቅጠል ያደርሳል፤ እንጨት የምንለውም እርሱ ነው። ፍሎየም በቅጠል የተዘጋጀውን ምግብ ወደ ሥርና ወደ ሌሎች ክፍሎች ያጓጉዛል። ግንዱ ሲሰፋ የመጀመሪያው ቆዳ ስለሚሰነጠቅ ሌላ ንጣፍ በምትኩ የውጭ ቅርፊት ይሠራል።

በጮቄ ተራራ አካባቢ የሚበቅለው የደጋ ቀርከሃ ይህ ንጣፍ የለውም። ቡቃያው ከመሬት ሲወጣ የያዘውን ውፍረት ይዞ ይረዝማል፤ ከዚያም ይጠነክራል እንጂ አይወፍርም። ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

ሥርም ይወፍራል

የዛፍ ሥር መጀመሪያ ቀጭን ቢሆንም በውስጡ ካምቢየም ሲፈጠር እንደ ግንዱ እየወፈረ ዛፉን አጽንቶ ይይዛል። ለምግብነት የሚውለው ካሮትም በዚሁ መንገድ የወፈረ ሥር ነው። ስለዚህ እስከ ዛፉ ግርጌ ጠግቶ ማረስ ሥሩን ከመቁረጡም በላይ የሥሩን ቅርፊትና ካምቢየም ያቆስላል።

በግንድ ውስጥ የተመዘገበ ክረምት

በአካባቢው አብዛኛው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል። በእርጥበቱ ወቅት ካምቢየሙ ሰፋፊ ሕዋሳትን ሲሠራ በበጋ ሥራው ይቀዘቅዛል ወይም ይቆማል። በዚህም ምክንያት እንደ ጥድ ባሉ ዛፎች ግንድ ላይ ቀለበቶች ይታያሉ፤ ዝናቡ የበረከተበት ዓመት ብዙ ጊዜ ሰፊ፣ ድርቁ የጸናበት ደግሞ ጠባብ ቀለበት ይተዋል። ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ጥድ ቀለበቶች የቀድሞ ዘመን የአየር ንብረትን አጥንተዋል። ሆኖም ዝናብ ተቋርጦ ሲመለስ በአንድ ዓመት ሁለት ቀለበት ሊፈጠር ስለሚችል የዛፍን ዕድሜ በቀለበት ቆጠራ ብቻ መደምደም ያሳስታል።

ቅርፊቱ ዙሪያውን ሲላጥ

የዛፍ ቅርፊት ዙሪያውን ከተላጠ ፍሎየሙ ይቋረጣል፤ ካምቢየሙም አብሮ ይነሳል። ዛይለሙ ግን ስላልተነካ ውኃ ወደ ቅጠል መድረሱ ይቀጥላል፤ ዛፉም ለጊዜው ለምለም ሆኖ ይታያል። ከታች ግን ሥሩ ምግብ አጥቶ ያከማቸውን እየጨረሰ ይሄዳል። ሥሩ ሲዳከም ውኃ መሳብ ያቅተዋል፤ ዛፉም ይደርቃል። ጉዳቱ የሚታየው ዘግይቶ በመሆኑ ብዙ ጊዜ መንስኤው ሳይታወቅ ይቀራል።

ግንድን አጥብቆ የያዘ ሽቦ ወይም ገመድም ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል። ማሰሪያው ባለበት ሲቆይ ግንዱ ግን እየወፈረ ስለሚሄድ ሽቦው ወደ ቅርፊቱ ይሰምጣል፤ የምግቡንም መተላለፊያ ያንቃል።

ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

• ችግኝ ከድጋፍ እንጨት ጋር ሲታሰር ማሰሪያው ላላ ያለ ይሁን፤ ግንዱ በወፈረ ቁጥርም ይፈታ ወይም ይስፋ።

• የአጥር ሽቦ በዛፍ ግንድ ላይ አይጠምጠም፤ ከብትም በለጋ ዛፍ ላይ አይታሰር።

• ፍየልና አህያ ቅርፊት ስለሚልጡ ችግኞች በአጥር ይጠበቁ።

• ለመድኃኒትነት ቅርፊት የሚወስዱ ሰዎች ከተገረዘ ቅርንጫፍ ቢጠቀሙ ይመረጣል፤ ከግንድ መውሰድ ግድ ከሆነም ከአንድ ጎን በጠባቡ ወደ ታች ይወሰድ እንጂ ዙሪያውን አይላጥ።

• ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ የጉቶው ቅርፊት እንዳይገነጠል ይጠንቀቁ፤ አዲሱ ቡቃያ የሚያቆጠቁጠው ከዚያ ነው።

• አቮካዶና ማንጎ ሲዳቀሉ የሁለቱ ክፍሎች ካምቢየም መገጣጠም አለበት፤ ካልተገናኙ ድቅያው አይይዝም። ከያዘ በኋላ የተጠቀለለው ፕላስቲክ በወቅቱ ይፈታ።

ችግኝ መትከል የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን ግንዱ የሚወፍረው ግን በብዙ ክረምት ነው። የዛፉ ሕይወት የተመሠረተው ከቅርፊቱ ሥር ባለው ስስ ንጣፍ ላይ በመሆኑ ቅርፊትን መጠበቅ ዛፉን መጠበቅ ነው። ለተጨማሪ ምክር አርሶ አደሮች በቀበሌያቸው የሚገኙ የልማት ባለሙያዎችን ማነጋገር ይችላሉ።