«ዶክተር፣ ዘጠነኛ ክፍል ከገባ ወዲህ ልጄ ተቀየረብኝ»



በየዓመቱ ከጥቅምት ጀምሮ፣ በተለይ ደግሞ የመጀመሪያው ሴሚስተር ካርድ ሲወጣ፣ አንድ ዓይነት ቅሬታ ይበዛብኛል። «ዶክተር፣ ይሄ ልጅ እስከ ስምንተኛ ክፍል እንዲህ አልነበረም። አሁን ያኮርፋል፣ በሩን ዘግቶ ይተኛል፣ ውጤቱ ወርዷል። ስንጠራው እንኳን አይመልስም።» አንዳንዱ ወላጅ ሱስ ጠርጥሮ «ሽንቱን መርምርልኝ» ይለኛል። አንዳንዱ ቫይታሚን እንዳዝለት ይፈልጋል። «ጓደኛ አበላሸብኝ» ብሎ ፍርዱን ጨርሶ የሚመጣም አለ።

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት የ15 ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። (ታሪኩን የምጽፈው በእሳቸውና በልጁ ፈቃድ ነው፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቀውን ነገር ቀይሬዋለሁ።) ልጁን ሆዱን ያመዋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ ሁለት ጊዜ ለታይፎይድ፣ አንድ ጊዜ ለአሜባ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ለጨጓራ ባክቴሪያ ታክሟል። እናትየው ባዶ የመድኃኒት ካርቶኖቹን በፌስታል ይዘው መጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፏቸው።

«ሁሉንም ጨርሷል፣ አንድም አላጓደለም። ግን ተመልሶ ይመጣል።»

«መቼ መቼ ነው የሚያመው?»

«ጠዋት ጠዋት።»

«በየቀኑ?»

ትንሽ አሰቡ። «ሰኞና ረቡዕ ይበረታበታል። ቅዳሜና እሁድ ግን ደህና ነው።»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «አሃ፣ ታዲያ እያስመሰለ ነዋ!» ይላል። አይደለም። ጭንቀት ውስጥ ያለ ሰው ሆዱን የሚያመው እውነት ነው። አንጎልና አንጀት በነርቭ የተያያዙ ናቸው፤ ፈተና ሊገባ ሲል ሽንት ቤት የተመላለሰ ሁሉ ያውቀዋል። እርግጥ እኔ መጀመሪያ ሌላውን ነገር ማጣራት አለብኝ። ክብደት ከቀነሰ፣ ሰገራው ላይ ደም ካለ፣ ትኩሳት ካለው፣ ሕመሙ ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። እሱ ላይ ግን ከነዚህ አንዱም አልነበረም።

እናትየውን ውጭ እንዲጠብቁን ለመንኳቸው። ወላጆች፣ ሐኪም ከልጃችሁ ጋር ለብቻው ማውራት ሲፈልግ ቅር አይበላችሁ። ለሕይወቱ የሚያሰጋ ነገር ከሰማሁ እነግራችኋለሁ፤ ይሄንንም ለልጁ ከመጀመሪያው እነግረዋለሁ።

ልጁ አሥር ደቂቃ ያህል ጫማውን ብቻ እያየ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወጣለት። በድሮው ትምህርት ቤቱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከሚያውቃቸው ልጆች ጋር ነበር፤ ከክፍሉ ከሦስተኛ ወርዶ አያውቅም። ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ቤተሰቡ «የተሻለ ነው» የተባለ ትምህርት ቤት አስገባው። በሁለተኛው ሳምንት የእንግሊዝኛ አስተማሪው ተነስቶ እንዲያነብ አዘዘው። ደሴት ማለት የሆነውን «አይላንድ» የሚለውን ቃል «ኢስላንድ» ብሎ አነበበው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «ኢስላንድ» ሆኖ ቀረ። ጮክ ብሎ ማንበብ ያለበት ክፍለ ጊዜ የሚውለው ሰኞና ረቡዕ ነው።

«ለእናትህ ለምን አልነገርካትም?» አልኩት።

«እማዬ ለክፍያው ብላ እኮ ዕቁብ ገብታለች። እንዴት ብዬ ልንገራት?»

አራት ወር ሙሉ አንቲባዮቲክ ሲውጥ የከረመው ይሄን ላለመናገር ነው።

እስቲ ዘጠነኛ ክፍል ምን እንደሆነ በልጁ ዓይን እንየው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ «አጠቃላይ ሳይንስ» ተብሎ በአንድ መጽሐፍ የነበረው ዘጠነኛ ላይ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ሆኖ ይበታተናል። «ማኅበራዊ ትምህርት» የነበረው ጂኦግራፊና ታሪክ ይሆናል። ኢኮኖሚክስ የሚባል አዲስ እንግዳ ይመጣል። በአንዳንድ ክልሎች ደግሞ እስከ ስምንተኛ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተማረ ልጅ በአንድ ክረምት ልዩነት ሁሉንም በእንግሊዝኛ ይጋፈጣል። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪን ያለፈ ጎበዝ ልጅ «ፎቶሲንተሲስ»ን በአማርኛ ጥርት አድርጎ እያስረዳችሁ ፈተናው ላይ ግን ጥያቄው ራሱ ላይገባው ይችላል። ይሄ ስንፍና አይደለም።

በዚያ ላይ ደረጃ አለ። ከየትምህርት ቤቱ አንደኛና ሁለተኛ የወጡ ልጆች አንድ ክፍል ሲገናኙ፣ አንደኛ የሚወጣው ያው አንድ ልጅ ነው። ሁለተኛ የነበረው 23ኛ ወጥቶ ቤት ሲገባ እኛ «ምን ነካህ?» እንላለን። ልጁም ራሱን የሚጠይቀው ይሄንኑ ነው።

ወላጅም የሚጨነቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ይሄን የሰማ ወላጅ ልጁ ዘጠነኛ ሲገባ ጀምሮ እንቅልፍ ቢያጣ አልፈርድበትም። ግን እኛ በዘመናችን የምናውቀው የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አሁን የለም። ከዘጠነኛ እስከ 12ኛ አራት ዓመት አለ። የመጀመሪያው ሴሚስተር ካርድ የልጁ የሕይወት ፍርድ አይደለም፤ የለመደውን አጥቶ አዲስ ቦታ የቆመ ልጅ ውጤት ነው።

አሁን ወደ ሰውነቱ ልምጣ፤ የኔ ሥራ እሱ ነው።

ከሁሉ በላይ የምጨቀጭቃችሁ እንቅልፍ ላይ ነው። በጉርምስና ጊዜ የሰውነት ሰዓት ወደ ኋላ ይዘገያል። እንቅልፍ የሚያመጣው ሜላቶኒን የሚባለው ሆርሞን በዚህ ዕድሜ ዘግይቶ ነው የሚመነጨው። ስለዚህ ማታ 3 ሰዓት ላይ «ተኛ!» ሲባል «እንቅልፌ አልመጣም» የሚለው ሊዋሻችሁ አይደለም። ችግሩ ትምህርት ቤቱ ወደ ኋላ አይዘገይለትም። ሌሊት 6 ሰዓት ተኝቶ ለታክሲ ሰልፍ ብሎ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል የሚነሳ ልጅ አምስት ሰዓት ተኩል ነው የተኛው። በዚህ ዕድሜ የሚያስፈልገው ግን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። እንቅልፍ ያጣ ልጅ ይነጫነጫል፣ ይረሳል፣ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፣ ጣፋጭ ያምረዋል። እኛ ይሄን ሁሉ «ጠባይ» ብለን እንጠራዋለን።

ስልክ ደግሞ የዘገየውን እንቅልፍ ጭራሽ ያባርረዋል። ቲክቶክ ላይ አንድ ቪዲዮ ብቻ አይቶ የተኛ ሰው አላውቅም፤ ራሴንም ጨምሬ ነው። በኛ ቤት የሠራው መላ አንድ ነው፦ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የቤተሰቡ ስልክ በሙሉ ሳሎን ቻርጅ ይደረጋል። በሙሉ ስል የአባትም የእናትም ማለቴ ነው። ልጅቷን ነጥቄ እኔ አልጋዬ ውስጥ ፌስቡክ ሳይ ስትይዘኝ ሕጉ ለሁለት ሳምንት ፈርሶ ነበር። ቅዳሜና እሁድ ትንሽ አርፍደው ይነሱ፤ ግን እስከ ቀትር ድረስ ከተኙ እሁድ ማታ ጨርሶ እንቅልፍ አይመጣም፣ ሰኞም ሲኦል ይሆናል።

ስለ ልጄ ካነሳሁ አይቀር ጥፋቴንም ልናገር። ዘጠነኛ ክፍል በገባች ጊዜ ሒሳብና ፊዚክስ ላይ ድንገት ወረደች። ደብተሯን ገልጬ ሳይ ግማሽ ግማሽ የተጻፈ ነው። «ለምን ጨርሰሽ አትጽፊም?» ብዬ ስንት ቀን ተቆጣኋት። አንድ ቀን ታክሲ ስንጠብቅ «የየት ነው የሚለው ታፔላው?» አልኳት፤ ዓይኗን አጨንቁራ «የትኛው ታፔላ?» አለችኝ። ለካ ሰሌዳውም አይታያትም ነበር። ቁመቷ ረዥም ስለሆነ አዲሱ ክፍል ውስጥ ኋላ ተቀምጣለች። በቀን ሠላሳ ሰው የምመረምር ሐኪም የገዛ ልጄን ዓይን ሳላይ ሦስት ወር ቀጣኋት። የርቀት ዕይታ ችግር በዚህ ዕድሜ ይጀምራል፣ ይጨምራልም፤ ልጁ ራሱ ደግሞ ሰው ሁሉ እንደሱ የሚያይ ነው የሚመስለው። ውጤት ሲወርድ ከቁጣ በፊት ዓይን ይታይ፣ እባካችሁ።

ቁርስም እንደዚሁ። ጠዋት ሳይበላ የወጣ ልጅ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ጭንቅላቱ ባዶ ነው። የወር አበባዋ የሚበዛባት፣ የምትገረጣ፣ ደረጃ ስትወጣ ልቧ የሚመታባት ልጅ ደግሞ ደም ማነስ ሊኖርባት ስለሚችል ቀላል የደም ምርመራ ይደረግላት። «ሰነፍ ሆነች» ከመባሏ በፊት ማለቴ ነው።

ስለ አንጎልም አንድ ነገር ልጨምር። አርቆ የሚያስበው፣ «ቆይ እስቲ» የሚለው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ሙሉ በሙሉ የሚበስለው ከ20 ዓመት አጋማሽ በኋላ ነው። ስሜትን፣ ደስታንና የጓደኛን ዓይን የሚያነበው ክፍል ግን አሁን ሙሉ ኃይሉ ላይ ነው። ስለዚህ ለ15 ዓመት ልጅ የ40 ልጆች ሳቅ ከእናንተ የአንድ ሰዓት ምክር በላይ ይሰማል። ይሄ ማለት ሥርዓት አያስፈልገውም ማለት አይደለም። የመግቢያ ሰዓት ይኑር፣ ጫትና ሺሻ ቤት የሚውል ጓደኛ ካለ በግልጽ ይነገር። ግን ሰው ፊት ማዋረድ፣ «የእገሌን ልጅ አታይም?» ማለት፣ ካርዱን ለዘመድ ሁሉ ማሳየት በሩን ከውስጥ ያስቆልፈዋል።

አጠያየቃችንም ይቀየር። «ትምህርት እንዴት ነው?» ካላችሁት መልሱ «ጥሩ» ነው፤ አለቀ። «ዛሬ ምሳ ከማን ጋር በላህ?» ብላችሁ ጠይቁት። የዚህ ጥያቄ መልስ ብዙ ነገር ይናገራል። ለሁለት ወር «ብቻዬን» የሚል ልጅ ካላችሁ ከውጤቱ በፊት የሚያሳስበው እሱ ነው። ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ ዓይን ዓይኑን እያያችሁም አትጠይቁት፤ ፍርድ ቤት ይመስለዋል። መንገድ ላይ፣ ሽንኩርት ሲከተፍ፣ መኪና ውስጥ፣ ጎን ለጎን ሆናችሁ። የኔዋ ብዙውን ነገር የነገረችኝ ዕቃ ሳጥብ ነው።

መቼ ነው ሐኪም ጋ መምጣት ያለባችሁ? ሐዘኑ ወይም ንዴቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይለቀው ከቆየ፣ ይወደው የነበረውን ኳስ ወይም ጨዋታ ሁሉ ከተወ፣ መብላቱ ወይም እንቅልፉ በጣም ከተዛባ፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ማለት ከደጋገመ፣ ሰውነቱ ላይ የመቆረጥ ምልክት ካያችሁ። «ብሞት ይሻላል» የሚል ቃል ከሰማችሁ ደግሞ ሁለት ሳምንት አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ኑ። «የወጣት ወሬ ነው» ብላችሁ አትለፉት። «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ እንዲያውም ያቀልለታል። ብቻውን አትተዉት፣ ቤት ያለ መድኃኒትና የተባይ ማጥፊያ ተቆልፎ ይቀመጥ። አማኑኤል ሆስፒታል አለ፣ በሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ጤና ክፍል አለ። እዚያ መሄድ «ልጄ አበደ» ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት።

ወደ ልጁ ልመለስ። መድኃኒት አላዘዝኩለትም። እሱ ከፈቀደልኝ በኋላ እናቱን አስገባኋቸውና ራሱ ነገራቸው፤ እኔ ዝም አልኩ። እናትየው መጀመሪያ ያለቀሱት ስለ ስድቡ አልነበረም፣ ስለ ዕቁቡ ነው። «እኔ እኮ ስለ ብር ላንተ አውርቼህ አላውቅም» አሉት። «ስልክ ስታወሪ እሰማለሁ» አላቸው።

በማግስቱ እናትየው ትምህርት ቤት ሄደው ሆም ሩም አስተማሪውን አነጋገሩ። ሊከሱ ሳይሆን ሊያስረዱ ነው የሄዱት። እንግሊዝኛ አስተማሪው ለጊዜው ድንገት እንዳያስነሳው፣ የሚያነበውን አንቀጽ ከአንድ ቀን በፊት እንዲሰጠው ተስማሙ። ማታ ማታ ታላቅ እህቱ ታስነብበው ጀመር። ሆዱን ሲያመው ግን ቤት መቅረት የለም ብዬ ነበር፤ መቅረት ለአንድ ቀን ያሳርፍና የሚቀጥለውን ሰኞ ያከብደዋል። የስድብ ስሙን ማንም ሊያስጥልለት አልቻለም፤ ሁለት ልጆች እስካሁን «ኢስላንድ» ይሉታል። በሁለተኛው ሴሚስተር 19ኛ ወጣ።

ሚያዝያ ላይ እናትየው ደወሉልኝ።

«ዛሬ ሰኞ ነው ዶክተር፣ ሄደ።»

«ሆዱስ?»

«አመመኝ ብሏል። ዳቦውን ይዞ ሄደ።»