ሥር የሰደዱ የቫይረስ ሕመሞች ቃላትና የሳይንስ ቪዲዮዎች፦ የጤና ባለሙያው እንግሊዝኛና የሕመምተኛው አማርኛ

መግቢያ

በኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎች የሚሠለጥኑት በእንግሊዝኛ ነው። መማሪያ መጻሕፍት፣ የላቦራቶሪ ውጤቶችና የሪፈር ወረቀቶች በአመዛኙ የሚጻፉት በዚሁ ቋንቋ ነው። በአንጻሩ ከጃቢ ጠህናን ወይም ከቡሬ ገጠር ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው፣ ሲያስፈልግም ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የሚላከው ሕመምተኛ ሕመሙን የሚናገረው በአማርኛ ነው። ባለሙያው በየዕለቱ በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ይመላለሳል። በዚህ መካከል የአንድ ቃል ትርጉም ቢዛባ ጉዳቱ የሚያርፈው በሕመምተኛው ላይ ነው።

ይህ በተለይ የሚጎላው ለረጅም ጊዜ በሚቆዩ የቫይረስ ሕመሞች ላይ ነው። የጉበት ቫይረስ ቢ፣ ኤች.አይ.ቪ. እና ከኮቪድ-19 በኋላ የሚቀጥለው ሕመም ለወራት ወይም ለዓመታት ክትትል የሚጠይቁ በመሆናቸው፣ ሕመምተኛው የተነገረውን በትክክል ካልተረዳ ክትትሉን ያቋርጣል። ከዚህ በታች ቃላቱን በሚገባ ለመማር በነጻ የሚገኙ የሳይንስ ቪዲዮዎች እንዴት እንደሚያገለግሉ ተብራርቷል።

በቀላሉ የሚያሳስቱ ቃላት

“ክሮኒክ” የሚለው ቃል የመጣው ጊዜ የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ነው። የሚገልጸውም ሕመሙ የቆየበትን ጊዜ እንጂ የክብደቱን መጠን አይደለም። የጉበት ቫይረስ ቢ ክሮኒክ የሚባለው የቫይረሱ የላይኛው ሽፋን አንቲጅን በደም ውስጥ ከ6 ወር በላይ ሲቆይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 ከዚህ ሕመም ጋር የሚኖሩ ሰዎች 254 ሚሊዮን ነበሩ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ምንም ምልክት ሳይታይባቸው የሚኖሩ ሲሆን፣ ከፊሎቹ ለጉበት መጠንከርና ለጉበት ካንሰር ይጋለጣሉ። “ሥር የሰደደ” የሚለው የአማርኛ ትርጉም ብቻውን ሲነገር ግን ለገበሬው ጆሮ “የማይነቀል፣ ተስፋ የሌለው” ሊመስል ይችላል። “ቫይረሱ ለረጅም ጊዜ በሰውነትዎ ውስጥ ይቆያል፤ ጉበትዎ እንዳይጎዳ በየጊዜው መመርመር ያስፈልጋል” ማለት የቃሉን ፍሬ ነገር ያስተላልፋል።

“አኪውት” የሚለውም እንዲሁ ነው። “አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት” ከሚለው የተለመደ አጠራር የተነሣ ቃሉ ከጥድፊያ ጋር ተያይዟል። ይሁን እንጂ አኪውት የጉበት ቫይረስ ሲባል የመጀመሪያዎቹን ወራት የሚያመለክት ሲሆን፣ ሕመምተኛው ምንም ሳይሰማው ሊያልፍም ይችላል።

“ሌተንት” ማለት የተደበቀ ማለት ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በተለምዶ አልማዝ ባለጭራ የሚባለው ሕመም ነው። በልጅነት የጉድፍ በሽታ ያስከተለው ቫይረስ በነርቭ ሥሮች ውስጥ ተደብቆ ለብዙ ዓመታት ከቆየ በኋላ የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ይነሣል። ዝናብ እስኪያገኝ በደረቅ አፈር ውስጥ የሚቆይን ዘር የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው በኤች.አይ.ቪ. ሕክምና የሚነሣው “አንዲቴክተብል” የሚለው ቃል ነው። ትርጉሙ የቫይረሱ መጠን እጅግ በማነሱ ምርመራው ሊያገኘው አልቻለም ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳስታወቀው በዚህ ደረጃ ላይ ያለና መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። ነገር ግን ቫይረሱ በሴሎች ውስጥ ተደብቆ ስለሚቀር መድኃኒቱ ሲቋረጥ ተመልሶ ይራባል። ባለሙያው “ቫይረሱ ጠፍቷል” ብሎ ከተረጎመው ሕመምተኛው መድኃኒቱን ሊተው ይችላል። ሁለቱም የቃሉ ገጽታዎች፣ የምሥራቹም ማስጠንቀቂያውም፣ አብረው መነገር አለባቸው።

ከኮቪድ በኋላ የመጣ አዲስ ቃል

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ የተገኘው በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መግለጫ፣ ሕመሙ ከጀመረ ብዙውን ጊዜ ከ3 ወር በኋላ የሚታዩ፣ ቢያንስ ለ2 ወር የሚቆዩና በሌላ በሽታ የማይብራሩ ምልክቶች ሲኖሩ “ፖስት ኮቪድ ኮንዲሽን” እንዲባል ወስኗል። ከምልክቶቹ ዋነኛው “ፈቲግ” ነው። ይህን “ድካም” ብሎ መተርጎም በቂ አይሆንም። በገጠር ድካም ሲሠሩ ከመዋል የሚመጣና ሲተኙ የሚለቅ ነውና፤ ፈቲግ ግን በዕረፍት የማይለቅ መዛል ነው።

“ፖስት ኤግዘርሽናል ማሌይዝ” የሚለው ደግሞ ከበድ ያለ እንቅስቃሴ ከተደረገ ከሰዓታት ወይም ከአንድና ሁለት ቀን በኋላ የሚመጣን የሕመም መባባስ ይገልጻል። ለምሳሌ አንድ ገበሬ ተሽሎኛል ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲያርስ ውሎ በማግስቱ አልጋ ላይ ቢውል፣ ይህን ቃል የማያውቅ ባለሙያ ነገሩን እንደ ስንፍና ቆጥሮ “ራስህን አበርታ” ሊለው ይችላል። ትክክለኛው ምክር ሥራን ከፋፍሎ፣ መሐል መሐል እያረፉ፣ እንደ አቅም መሥራት ነው።

ቪዲዮ የሚሰጠው ጥቅም

በንባብ ብቻ የተማሩት ቃል በንግግር መካከል ሲመጣ ሊያመልጥ ይችላል። የ“ክሮኒክ” እና የ“ፈቲግ” የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ከአነባበባቸው የተለየ ነው። ቫይረስ ተሸካሚ የሚል ትርጉም ያለው “ካሪየር” ሲነገር የሚጠብቀው በመጀመሪያው ክፍለ ቃል ላይ ሲሆን፣ የሙያ ዘመን የሚለው ተመሳሳይ ቃል ግን በመጨረሻው ላይ ይጠብቃል። ይህን የሚያስተምረው ጆሮ ነው። በተጨማሪም ቫይረሱ ወደ ሴል ሲገባና ሲደበቅ በሥዕል ማየት ቃሉን ከድርጊቱ ጋር ያስተሳስራል። የዓለም ጤና ድርጅት “ሳይንስ ኢን ፋይቭ” በሚል ርእስ ከ2012 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ ያዘጋጃቸው አጫጭር ቃለ መጠይቆች፣ ጽሑፋቸውም አብሮ ስለሚገኝ፣ ለጀማሪ ተስማሚ ናቸው።

የአጠቃቀም ቅደም ተከተል

1. ቪዲዮውን በመጀመሪያ ያለ ጽሑፍ ማየትና ዋናውን ሐሳብ ብቻ መያዝ።
2. በሁለተኛው ዙር ከጽሑፉ ጋር እያዩ ከ5 እስከ 7 የሚሆኑ ቃላትን ከነዓረፍተ ነገራቸው መመዝገብ። በኮምፒዩተር የሚወጣው የግርጌ ጽሑፍ የሕክምና ቃላትን ስለሚያዛባ በባለሙያ የተዘጋጀውን መምረጥ ይገባል።
3. እያንዳንዱን ቃል ለሕመምተኛ እንደሚነገር አድርጎ በአንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር መጻፍና ለሥራ ባልደረባ ማሰማት። ባልደረባው የተረዳውን መልሶ ሲናገር ጉድለቱ ይታያል።
4. ቃላቱን በማግስቱ፣ ከሳምንት በኋላና ከወር በኋላ መከለስ።

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር አይዘነጋም። ስለዚህ መስመር በሚገኝበት ጊዜ ቪዲዮዎቹን በስልክ ላይ አስቀምጦ በጋራ መጠቀም ይመረጣል።

የቪዲዮው ምንጭና የወጣበት ዓመትም ሊታይ ይገባል። ቀድሞ “ጤነኛ ተሸካሚ” ይባል የነበረው የጉበት ቫይረስ ቢ ሕመምተኛ ሕመሙ ሊቀሰቀስ እንደሚችል በመታወቁ ስያሜው ተለውጧል። የሕክምና ውሳኔ የሚሰጠውም በጤና ሚኒስቴር መመሪያ እንጂ በቪዲዮ አይደለም።

ማጠቃለያ

አንድን የሕክምና ቃል አውቃለሁ ለማለት በእንግሊዝኛ ሲሰሙት መለየትና በአማርኛ ሲያስረዱት መግባባት ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ቪዲዮ ያስተምራል። ሁለተኛው የሚፈተነው በምርመራ ክፍል ነው፤ ሕመምተኛው ከመሄዱ በፊት “ለቤተሰብዎ ምን ብለው ይነግራሉ?” ተብሎ ሲጠየቅ በሚሰጠው መልስ።