ድርብ ፊደል የሚያወራው ምስጢር

በኖርዌይኛ «ፎርመል» ቀመር ነው፤ መጨረሻው ላይ አንዲት «ል» ብትደረብበት «ፎርሜል» ይሆንና ደንብ የጠበቀ፣ መደበኛ የሆነ ነገርን ይገልጻል። ቀመሩ ሲጠራ ድምፁ «ፎር» ላይ ይጫናል፤ ሌላው ሲጠራ ደግሞ «ሜል» ላይ። የተደረበችው ፊደል የጫናውን ቦታ ጠቋሚ ናት።

ነባር የኖርዌይኛ ቃላት በአብዛኛው መጀመሪያቸው ላይ ይጫናሉ። እንግዶቹ ግን የየራሳቸውን ልማድ ይዘው ገቡ። በ14ኛው መቶ ዓመት በርገን ወደብ ላይ የከተሙት የሀንዛ ማኅበር ነጋዴዎች ከጀርመን ምድር ቋንቋቸውንም አመጡ፤ መክፈል፣ «በታለ»፣ ዛሬም «ታ» ላይ ይጫናል፤ ዳቦ ቤት፣ «ባከሪ»፣ «ሪ» ላይ። ከፈረንሳይ በኩል የመጡት «ስታሾን»ና «ቡቲክ»ም መጨረሻቸው ላይ ይከብዳሉ።

ነገሩ የአማርኛ አንባቢን ጆሮ የሚስበው እዚህ ላይ ነው። በኖርዌይኛ ጫና ያረፈበት ክፍለ ቃል ወይ አናባቢው ይረዝማል፣ ወይ ተከታዩ ተነባቢ ይጠብቃል። «ታክ» «ታ»ው ሲረዝም ጣሪያ ነው፤ «ክ»ው ሲጠብቅ ምስጋና። እኛም «ገና» ሲጠብቅ በዓሉን፣ ሲላላ «እስካሁን»ን እንረዳለን፤ ግን የግእዝ ፊደል ልዩነቱን ለአንባቢው ይተወዋል። ኖርዌይኛ ይጽፈዋል። ስለዚህ ሙዚቃ፣ «ሙሲክ»፣ በሁለት «ክ» ይጻፋል፤ ሙዚቀኛው፣ «ሙሲከር»፣ ጫናው ወደ «ሙ» ስለሸሸ አንዷን «ክ» ይጥላል። «ፖሊቲክ» ፖለቲካ ነው፣ በሁለት «ክ»፤ ፖለቲከኛው «ፖሊቲከር» ግን «ሊ» ላይ ተጭኖ በአንድ «ክ» ይቀራል።

ደንቡ ሁሉን አይሸፍንም። «ባናን»፣ ሙዝ፣ መጨረሻው ቢጫንም አናባቢው ስለሚረዝም ድርብ ፊደል አያሻውም። «ም» ደግሞ በቃል መጨረሻ አይደረብም፤ «ፕሮግራም» በአንድ «ም» ይጻፋል፣ ቅጥያ ሲከተለው ግን ይደረባል። «ካኖን» መጀመሪያው ላይ ሲጫን ቀኖና፣ መጨረሻው ላይ ሲጫን መድፍ ነው፤ በጽሑፍ ግን አንድ ናቸው።

የፊደላት ጉዳይ መስመር አልቆ ቃል ሲከፈልም ይነሳል፤ ለመሀል ተነባቢዎች የተለመደው መንገድ የመጨረሻውን ወደ ታች ማውረድ ነው። «ሽ»ን የሚወክሉት ሁለት ፊደላት ግን አንድ ድምፅ ስለሆኑ አይነጣጠሉም፤ «ስታ» ከላይ፣ «ሾን» ከታች።

በብዙ የምሥራቅ ኖርዌይ አነጋገሮች ግን እንግዶቹ ቃላትም እንደ ቤተሰብ ይቆጠራሉ፤ «ባናን» በ«ባ»፣ «ስታሾን» በ«ስታ» ይጫናል። ይህ ለረጅም ጊዜ እንደ ዝቅተኛ አነጋገር ታይቷል። ፍርዱ ትክክል አይደለም፤ ተናጋሪዎቹ ያደረጉት ቋንቋው ለራሱ ቃላት የሚያደርገውን ነው።

ኦስሎ ወይም በርገን ተቀምጠው ቋንቋውን የሚማሩ ወገኖች ረጅም የውጭ ቃል ሲገጥማቸው መጀመሪያ የቃሉን መጨረሻ ይዩ፤ ድርብ ተነባቢ ካለ እዚያው ይጫኑት።