ነጭ ሱፍ የለበሰው ሰውዬ ደም አያስፈልገውም ነበር

መቼም ሆሊዉድ አዲስ ሐሳብ ሲነጥፍበት የድሮ ሳጥን መክፈት ይወዳል። ሰው የረሳውን የቴሌቪዥን ድራማ ያወጣና ስሙን ብቻ አስቀርቶ ሌላ ነገር አድርጎ ይሸጥልናል። አንዳንዱ ኮሜዲ ይሆናል፣ አንዳንዱ የተኩስ ፊልም። «ፋንታሲ አይላንድ» ላይ የደረሰው ግን ለብቻው ነው። በ2020፣ ያውም በፍቅረኞች ቀን፣ የሆረር ፊልም ሆኖ ብቅ አለ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ)። እኔ ሁለቴ አይቼዋለሁ። ሁለተኛውን ለምን እንዳየሁት አትጠይቁኝ።

ዋናውን ላላያችሁት ልንገራችሁ። ነገሩ በ1977 ለቴሌቪዥን በተሠራ ፊልም ተጀምሮ፣ ከ1978 እስከ 1984 በአሜሪካው ኤቢሲ ጣቢያ በተከታታይ የታየ ድራማ ነው። አንድ ደሴት አለ። ትንሽ አውሮፕላን እንግዶች ይዛ ትመጣለች። ታቱ የሚባለው አጭር ሰው ማማ ላይ ወጥቶ ደወል እየደወለ መምጣቷን ያውጃል። ከዚያ ሚስተር ሮርክ ነጭ ሱፉን ግጥም አድርጎ ለብሶ፣ ብርጭቆ አንስቶ ይቀበላቸዋል። እያንዳንዱ እንግዳ አንድ ምኞት ይዞ መጥቷል። ደሴቷ ትፈጽምለታለች።

ሲወራ የኖረው ሐሳቡ በንዴት እንደመጣ ነው። ፕሮዲውሰሮቹ አሮን ስፔሊንግና ሊዮናርድ ጎልድበርግ ለጣቢያው ሰዎች ያቀረቡት ሁሉ ውድቅ ሲሆንባቸው፣ ስፔሊንግ በፌዝ «ያማራችሁን ሁሉ የምታገኙበት ደሴት» የሚል ነገር ወረወረ፤ ሰዎቹም ወደዱት ይባላል።

ታዲያ ይሄ ምኑ ያስፈራል? ያስፈራል እንጂ! ሮርክ ምኞትህ እንዳሰብከው እንደማይሆን ከመጀመሪያው ያውቃል። ያስጠነቅቅሃል፤ አንተ አትሰማም፤ እሱ ፈገግ ይላል። ሜክሲኮ ሲቲ የተወለደው ሪካርዶ ሞንታልባን ያንን ፈገግታ እንዴት አድርጎ እንደያዘው! ሰይጣን ራሱ በተዋናዩ ሮዲ ማክዶዋል ተመስሎ ደሴቷ ላይ የመጣበት ክፍል ሁሉ አለ። ሮርክ ይጋፈጠዋል፤ እሱ ራሱ ግን ማን እንደሆነ አይነገረንም።

በመጀመሪያው ፊልም እንግዶቹ ለምኞታቸው 50,000 ዶላር ይከፍላሉ። በ2020ው፣ ጄፍ ዋድሎው ባዘጋጀውና ብለምሃውስ በሠራው ፊልም ግን በውድድር አሸንፈው በነፃ ነው የሚመጡት። ትንሽ ለውጥ ትመስላለች። ለእኔ ፊልሙ የተበላሸው እዚህ ጋ ነው። እኛ ዘንድ ስለት የሚሳል ሰው ዋጋውን ራሱ ይናገራል፤ ጃንጥላም ይሁን ሻማ፣ ሲሰምርለት ሊያስገባ። ምኞቱና ዕዳው አንድ ላይ ናቸው። የከፈለ ሰው የመጣበትን ጣጣ በማንም ላይ ማሳበብ አይችልም፤ የድሮው ድራማ ፍርሃቱም ይኸው ነበር። አዲሱ ላይ ግን (ያላያችሁት ይቅርታ፣ ልነግራችሁ ነው) እንግዶቹ የተሰበሰቡት የአንዷ የበቀል ምኞት እንዲፈጸም ነው። ስለዚህ ፍርሃቱ «የተመኘሁት ነገር መጣብኝ» መሆኑ ቀርቶ «አንድ ሰው ሊገድለኝ ነው» ይሆናል። ይሄንን ደግሞ በሌላ መቶ ፊልም አይተነዋል።

አንድ የሚያምር ነገር አለበት። ማጊ ኪው የምትጫወታት ግዌን ከዓመታት በፊት የጋብቻ ጥያቄ እምቢ ብላ ስትጸጸት ኖራለች። ደሴቷ ያቺን ምሽት ትመልስላታለች፤ እሺ ትላለች። በማግስቱ ስትነቃ ባል አላት፤ ትንሽ ልጅም አለቻት፤ አብራት ያልኖረቻት የራሷ ልጅ። ደስታው ፊቷ ላይ ሳያልቅ ጥርጣሬ ይመጣል፦ ይህ ይገባኛል ወይ? እውነተኛው ጸጸቷ ሌላ ነው፤ ሰው የሞተበት እሳት አለ። እዚህ ጋ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ምን ዋጋ አለው፣ ወዲያው አፉ የተሰፋ ሐኪምና ዓይናቸው የጠቆረ ሙታን ሩጫውን ጀመሩት።

ለምን ሆረር አደረጉት ካላችሁ፣ መልሱ ሒሳብ ነው። ፊልሙ የፈጀው ወደ 7 ሚሊዮን ዶላር ነው። ያስገባው 49 ሚሊዮን ገደማ። ፍርሃት ውድ ኮከብ አይፈልግም፤ ማስታወቂያውን ደግሞ የድሮው ስም ይሠራል። ተቺዎች ክፉኛ አብጠለጠሉት፤ ገንዘቡ ግን ገብቷል።

ያልተዋጠልኝ መጨረሻው ነው። አንዱ ወጣት ወንድሙን ለማትረፍ ሲል ደሴቷ ላይ ይቀርና የሮርክ ረዳት ይሆናል። ቅጽል ስሙን ሲጠየቅ «ታቱ» ይላል። ሳቅ ለማምጣት የገባች ናት። የመጀመሪያው ታቱ ግን ፓሪስ የተወለደው ኤርቬ ቪልሼዝ ነበር። ደወሉን ሲደውል ዓለም ያወቀው ሰው፣ ከሞንታልባን እኩል ይከፈለኝ ብሎ ጠየቀ። በ1983 ከድራማው ወጣ፤ በቦታው ሌላ ሰው ተተካ፤ ድራማውም በዓመቱ አለቀ። ቪልሼዝ በ1993፣ በ50 ዓመቱ፣ የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። ደሴቷ የሁሉንም ምኞት ስትፈጽም የእሱ ጥያቄ ደመወዝ ነበር።

በ2018 ኤችቢኦ ስለ እሱ ፊልም ሠርቷል፤ ቪልሼዝን ሆኖ የሚጫወተው ፒተር ዲንክሌጅ ነው። ጊዜ ያለው ያንን ይይ። የ2020ውን ደግሞ የግዌንን ታሪክ እስኪያይ ታግሶ ቢዘጋው ብዙ አይቀርበትም።