ከኔጋቲቩ በኋላ

የፎቶግራፍ ፈጠራ ካሜራው በተጫነበት ቅጽበት ያበቃል የሚለውን አስተሳሰብ አልቀበልም። ምክንያቴን በአንድ ሥራ ላሳያችሁ።

አንሰል አዳምስ በ1941 እ.ኤ.አ. በኒው ሜክሲኮ፣ በሄርናንዴዝ መንደር አጠገብ ሲያልፍ ጨረቃ ከተራሮቹ በላይ ወጥታ፣ የመጨረሻው የፀሐይ ብርሃን በመካነ መቃብሩ መስቀሎች ላይ አርፎ አየ። የብርሃን መለኪያውን ፈልጎ አጣው። የጨረቃ ድምቀት በካሬ ጫማ 250 ሻማ መሆኑን ያውቅ ስለነበር ከዚያ ተነሥቶ መጠኑን አሰላ። አንድ ኔጋቲቭ ብቻ አነሣ፤ ሊደግም ሲል ብርሃኑ ከመስቀሎቹ ሸሸ። ይህን ዕድል የሚሉት አሉ፤ ቁጥሩን በቃሉ ባይዝ ኖሮ ዕድሉ ምን ይጠቅመው ነበር?

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ኔጋቲቩ ለኅትመት አስቸጋሪ ስለነበር በ1948 የታችኛውን ክፍል በኬሚካል አጠናከረው። በቀደሙት ኅትመቶች ሰማዩ ግራጫማ፣ ደመናውም የሚታይ ሲሆን በኋለኞቹ ወደ ጥቁር ቀርቧል። በዐሥርተ ዓመታት ውስጥ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ቅጂዎችን አትሟል። በወጣትነቱ ፒያኖ ያጠና ሰው ነውና ኔጋቲቩን በሙዚቃ ኖታ፣ ኅትመቱን በአጨዋወት ይመስለው ነበር።

የሚገርመው፣ ቀኑን አልመዘገበም፤ ለምስሉም የተለያዩ ዓመታት ሰጥቶታል። ኖቬምበር 1 ቀን 1941 መሆኑ የታወቀው የሥነ ፈለክ ሊቃውንት በምስሉ ላይ ከሚታየው የጨረቃ አቀማመጥ ተነሥተው ባሰሉት ስሌት ነው።