የናይሮቢንና የድሬዳዋን ባቡር በጓሮ ውስጥ መሥራት

ከናይሮቢ መሃል ከተማ በሞይ ጎዳና ወደ ደቡብ የወረደ ሰው መንገዱ ሲያልቅበት ኃይለ ሥላሴ ጎዳና ላይ ይወጣል። ከማዶ የሚታየው አሮጌው የባቡር ጣቢያ ነው፤ ከእሱ ጎን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተው የናይሮቢ የባቡር ሙዚየም አለ። በግቢው የቆሙት ትልልቅ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ይሄዱበት የነበረው ሐዲድ፣ ከአንዱ ብረት ውስጠኛ ጠርዝ እስከ ሌላው ሲለካ፣ አንድ ሜትር ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ በድሬዳዋ አድርጎ ለገሃር ይገባ የነበረው ባቡራችንም የሄደው በዚያው በአንድ ሜትር ሐዲድ ላይ ነው። በጓሮው ትንሽ ባቡር መሥራት ለሚያምረው ሰው ይህ መገጣጠም ብዙ ነገር ያቀልለታል፤ በጣም የተለመደው የጓሮ ባቡር የተቀየሰው ይህንኑ የአንድ ሜትር መስመር አሳንሶ ለማሳየት ነውና።

የጓሮ ባቡር ጠረጴዛ ላይ ከሚዘረጋው መጫወቻ የሚለየው ፀሐይና ዝናብ እንዲችል ሆኖ መሠራቱ ነው። ሐዲዱ መሬት ላይ ይነጠፋል፣ በእውነተኛ ዕፅዋት መካከል ያልፋል፣ ሌሊቱንም እዚያው ያድራል። ይህን ሥራ በሰፊው ያስለመደው ሌማን የተባለው የጀርመን ፋብሪካ ሲሆን ኤልጂቢ የሚባለውን ባቡሩን ለገበያ ያወጣው በ1968 ነው። በሁለቱ ብረቶች መካከል 45 ሚሊ ሜትር አለ፤ ባቡሩም ከእውነተኛው 22.5 ጊዜ ያነሰ ነው። አንድ ሜትር ለ22.5 ሲካፈል 44.4 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም የማያልፈውን ልዩነት ዓይን አይለየውም። ሌሎች አምራቾችም ይህንኑ ስፋት ስለተከተሉ የአንዱ ፋብሪካ ፉርጎ በሌላው ሐዲድ ላይ ይሄዳል።

ይሁን እንጂ ሐዲዱ አንድ ሆነ ማለት ባቡሩ ሁሉ በአንድ ልክ ተሠርቷል ማለት አይደለም። ሰፊውን የ1,435 ሚሊ ሜትር መስመር የሚሠሩ ሰዎች በዚያው በ45 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ የ1 ለ 32 ባቡር ያስሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመርና በ2017 ሥራ የጀመረው የሞምባሳ–ናይሮቢ መስመር የሚሠሩት በዚህ ልክ ነው። እንደ ሱዳን ያለውን የ1,067 ሚሊ ሜትር መስመር የሚፈልግ ደግሞ 1 ለ 24 ይይዛል። ስለዚህ ዕቃ ሲገዙ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ልክ ያንብቡ። የ1 ለ 32 ፉርጎ ከ1 ለ 22.5 ሎኮሞቲቭ ኋላ ሲቀጠል ይሄዳል፤ ነገር ግን የአንዱ በር ለሌላው ሰው አይበቃም፣ ቅንብሩም ከሩቅ ያስታውቃል።

ሒሳቡ አንድ ብቻ ነው፦ የእውነተኛውን ልክ በሚሊ ሜትር ጽፎ ለ22.5 ማካፈል። ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው 75 ሚሊ ሜትር ተኩል ይሆናል። የሁለት ሜትር በር ወደ 89 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ሜትርና ማስታወሻ ይዞ ሙዚየሙ የገባ ሰው፣ ሠራተኞቹን አስፈቅዶ የሚለካው ነገር አያጣም። በ1900 ኪማ ጣቢያ ላይ የፖሊስ አዛዡን ቻርልስ ራያልን አንበሳ ጎትቶ ያወጣበት ሠረገላ እዚያው አለ። ብዙ ሰው የሚያየው ለታሪኩ ነው፤ ለሠሪ ግን ሳጥን መሰሉ አካሉ ጥሩ የመጀመሪያ ሥራ ነው። እኔም ከሎኮሞቲቭ በፊት በፉርጎ መጀመርን እመክራለሁ። ፉርጎ ሞተር የለውም፣ ቢበላሽ ኪሳራው ትንሽ ነው፣ እጅንም ያፍታታል። ርዝመቱ 7 ሜትር የሆነ የዕቃ ፉርጎ በጓሮው 31 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

ከግቢው ዕቃዎች ሁሉ ሠሪን የሚፈትነው 5918 ቁጥር፣ ማውንት ጌላይ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ባቡር 59 ክፍል ብሎ ይጠራቸው የነበሩት ሎኮሞቲቮች 34 ሲሆኑ ሁሉም በአካባቢው ተራሮች ስም ተሰይመዋል። የሠራቸው በ1955 እና በ1956 የማንቸስተሩ ቤየር ፒኮክ ነው። ክብደታቸው 252 ቶን ነው፤ በአንድ ሜትር ሐዲድ ላይ ከሄዱ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ሁሉ ኃይለኞቹ እነሱ ናቸው። 31.7 ሜትር የሆነው ርዝመታቸው ለ22.5 ሲካፈል 1.41 ሜትር ይመጣል። ይህን የሚያህል ማሽን ጠባብ ጓሮ ውስጥ እንዴት ይታጠፋል? መልሱ አሠራሩ ውስጥ አለ። ኸርበርት ጋራት የተባለው መሐንዲስ በ1907 ባስመዘገበው ንድፍ መሠረት ቦይለሩ በሁለት የተለያዩ የሞተር ክፍሎች መካከል ተንጠልጥሎ ይቀመጣል። የፊተኛው ክፍል ወደ ግራ ሲታጠፍ የኋለኛው ገና ቀጥ ብሎ ሊሄድ ይችላል። ከዳገቱም ከኩርባውም ብዛት የተነሣ፣ በስሙ ጋራት የሚባለው ይህ ንድፍ ለኬንያ መስመር ተስማሚ ሆነ።

ሠሪውም የሚጠቀመው በዚሁ ዘዴ ነው። ሁለት ተራ ሎኮሞቲቮች፣ ያገለገሉም ቢሆኑ፣ ይገዛሉ፤ የላይ አካላቸው ይነሣና ሞተሩና ጎማዎቹ ያሉበት የታችኛው ክፍል ብቻ ይቀራል። ከዚያ አንድ ጠንካራ ድልድይ በሁለቱ ላይ በብሎን ተሰክቶ ይቀመጣል፤ ብሎኑ ሳይጠብቅ፣ ክፍሎቹ እንዲሽከረከሩ ተደርጎ። የእውነተኛው ቦይለር ውፍረት 2.29 ሜትር ያህል ነው፤ ይህም ሲያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ከትንሽ ይሆናል። ማንኛውም የግንባታ ዕቃ ሱቅ የሚሸጠው ባለ አራት ኢንቹ የፒቪሲ ፍሳሽ ቱቦ ለዚህ በጣም ቅርብ ስለሆነ ቦይለሩን ከእሱ ይቁረጡ። ጎማዎቹ ላይ ግን መቻቻል ያስፈልጋል። የእውነተኛው መንጃ ጎማ 1.37 ሜትር ስለሆነ በልኩ 61 ሚሊ ሜትር መሆን ነበረበት፤ ዝግጁ ሆነው የሚሸጡት ብዙዎቹ ከዚህ ያንሳሉ። የጎማውን ማነስ በጎን ላሜራ መሸፈን ይቻላል። የመገጣጠሚያው ክፍተት በመኪና ስቱኮ ይሞላል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ ከዚያ ጥቁር ቀይ ቀለሙ ይነፋል።

ለእንዲህ ያለ ሥራ ናይሮቢ የተመቸች ከተማ ናት። ካሙኩንጂ የሚሠሩት የጁዋ ካሊ ባለሙያዎች ላሜራ አጥፈው ሳጥንና ባልዲ ሲሠሩ ይውላሉ፤ ልክ በወረቀት ከሰጧቸው የፉርጎ ጎን መቁረጥ አያስቸግራቸውም። ሉቱሊ ጎዳና የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ሰፈር ነው፤ ሽቦ፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ትንንሽ ሞተርና የባትሪ ሣጥን የሚፈለገው እዚያ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሠሪ ለተመሳሳይ ዕቃ ምን አለሽ ተራን ይዞራል። ከውጭ መምጣት ያለባቸው በዋናነት ሐዲዱና የሞተር ክፍሉ ናቸው፤ የቀረውን እዚሁ ማሠራት ይቻላል፣ መሠራትም አለበት። የድሬዳዋን ፉርጎ ማንም የውጭ ፋብሪካ አይሠራልንም፤ ያ መስመር በትንሹም ቢሆን ልኩ ተጠብቆ ለልጆቻችን የሚታየው እኛው ለክተን ከሠራነው ነው።

አሁን ወደ መሬቱ። የናይሮቢ አፈር ሁለት ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። በምዕራብና በሰሜን በኩል ቀይ አፈር ይበዛል፤ በደቡብና በምሥራቅ ደግሞ የአገሩ ሰው ብላክ ኮተን የሚለው፣ እኛ መረሬ ወይም ዋልካ የምንለው ጥቁር አፈር አለ። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተነጠፈ ሐዲድም አብሮት ይወጣል፣ ይወርዳል። በዚህ መሬት ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቆፍሮ ጠጠር መሙላት አይበቃም። የሚሻለው ሐዲዱን ከመሬት ከፍ አድርጎ በብሎኬት ረድፍ ወይም በአጫጭር የብረት ምሰሶዎች ላይ ማሳረፍ ነው። ቀይ አፈር ላይ ግን ጉድጓዱ ተቆፍሮ ከታች ደቃቅ ድንጋይ፣ ከላይ ሹል ጠርዝ ያለው ጥቁር ጠጠር ይሞላል። ድብልብል የወንዝ ጠጠር አይሆንም፤ ይንከባለላል እንጂ እርስ በርሱ አይያያዝም።

የእንጨት አግዳሚ ለማስቀመጥ የሚያስብ ሰው ምስጥን ይቁጠር። ከሞምባሳ ተነሥተው መስመሩን የዘረጉት መሐንዲሶች ገና በ1890ዎቹ በአብዛኛው የብረት አግዳሚ የመረጡበት አንዱ ምክንያት እሱ ነበር። ለጓሮ ፀሐይ የሚችለው ፕላስቲክ ይበቃል።

ሐዲዱ ራሱ ብዙውን ጊዜ ከነሐስ ነው፤ አይዝግም፣ ኤሌክትሪክም በደንብ ያስተላልፋል። ነሐስ ግን ፀሐይ ሲመታው ይረዝማል። ጠዋትና ቀን መካከል የሐዲዱ ሙቀት በ35 ዲግሪ ቢለዋወጥ አሥር ሜትር ነሐስ ስድስት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ይጨምራል። በየመገጣጠሚያው ጥቂት ክፍተት ካልተተወለት ወደ ጎን ይጎብጣል። ስለዚህ ሐዲዱን በሲሚንቶ አይቸንክሩት፤ በጠጠሩ ላይ ልቅ ሆኖ ይቀመጥ። ዳገቱ በአንድ ሜትር ከሁለት ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ እነዚያ 252 ቶን ሎኮሞቲቮች እንኳ ይሠሩ የነበረው በአንድ ሜትር 1.5 ሴንቲ ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ ነው። በየሜትሩ ውሃ ልክ ያስቀምጡ፣ በርዝመትም በወርድም። ኩርባው ደግሞ የቻሉትን ያህል ይስፋ። በፋብሪካ ከሚመጡት ጠባቡ ከመሃል እስከ ሐዲዱ 60 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ትንንሽ ሎኮሞቲቮች ይዞሩበታል፣ እንደ ጋራት ላለ ረጅም ማሽን ግን የዚያ እጥፍ ያስፈልጋል።

ጓሮ የሌለውስ? ኢስሊ ወይም መሃል ከተማ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው አይጨነቅ። በ60 ሴንቲ ሜትር ኩርባ የሚሠራ ሙሉ ክብ ወርዱ ከ1.30 ሜትር ብዙም አያልፍም። በጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ፣ በሳንቃ ላይ ተዘርግቶ ሲመሽ የሚነሣ መስመር ቤተሰብን ያዝናናል፤ ዋልካም ምስጥም አያውቀውም።

ኤሌክትሪኩ ላይ ቀልድ የለም። የኬንያ የቤት መብራት 240 ቮልት ነው፤ ይህ ኃይል ወደ ጓሮ በፍጹም አይውጣ። ትራንስፎርመሩ ደረቅ ክፍል ውስጥ ይቀመጥ፣ ወደ ውጭ የሚሄደው ሽቦ ቢበዛ 24 ቮልት ዲሲ ብቻ ይያዝ። እኔ ግን ለዚህ አገር ባትሪን እመርጣለሁ። የናይሮቢ ቀይ አቧራ፣ የቅጠል ሙጫና የነሐሱ መጥቆር ኤሌክትሪኩን በየቦታው ስለሚቆርጡት፣ ሐዲድ ሲወለወል መዋል ደስታውን ይወስደዋል። አራት ባለ 3.7 ቮልት ሊቲየም ሴሎች በተከታታይ ሲቀጠሉ 14.8 ቮልት ይሰጣሉ፤ ለብዙ የጓሮ ሎኮሞቲቭ ይበቃል። ሴሎቹ ከሎኮሞቲቩ ኋላ በሚጎተት ፉርጎ ውስጥ ይገባሉ፣ ፍጥነቱ በሬዲዮ መቆጣጠሪያ ይታዘዛል። ሁለት ነገር አይረሳ። አንደኛ፣ ሴሎቹን ከመጠን በላይ ከመሞላትና ከመሟጠጥ የሚጠብቃቸው ሰሌዳ ይኑራቸው፤ ሲሞሉም ሰው በአጠገባቸው ይሁን። ሁለተኛ፣ ከጎማዎቹ ወደ ሞተሩ የሚሄዱት ሽቦዎች ይቆረጡ። ካልተቆረጡና ሎኮሞቲቩ ኤሌክትሪክ ባለው የወዳጅ ሐዲድ ላይ ከወጣ ኃይሉ ወደ ባትሪው ተመልሶ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

ለተክሉ ከወጥ ቤት አትክልት የተሻለ የለም። የጥብስ ቅጠል ከሥሩ ተገርዞ አንድ ግንድ ብቻ ሲቀርለት በዚህ ልክ ትልቅ ዛፍ ይመስላል፤ ጦስኝ ደግሞ ቁጥቋጦ ይሆናል። ጠላቱ የኪኩዩ ሣር ነው። መሬት ለመሬት እየሳበ በጠጠሩ ሥር ይገባል፣ ሐዲዱንም ያነሣዋል። ጉድጓዱን ሲቆፍሩ በሁለቱም ጎን ወፍራም ፕላስቲክ ወይም የላሜራ ቁራጭ አቁመው ይቅበሩ።

ሥራው ቢጀመር የሚሻለው በጥርና በየካቲት ሞቃትና ደረቅ ጊዜ ነው፤ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አጭሩ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ስለሚመጣ። ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ ባቡሩን ከማስነሣትዎ በፊት ውሃ ልኩን ይዘው መስመሩን ሙሉ ይዙሩ። የሰመጠው ቦታ ላይ ሐዲዱን በእጅ ቀና አድርገው ጠጠር በሥሩ ያስገቡ፣ በእንጨት ጫፍ ይጠቅጥቁ። ውሃ የተኛበት ቦታ ካለ ሐዲዱን ሳይሆን መውረጃውን ያስተካክሉ። ከዚያ አንድ ባዶ ፉርጎ በእጅ ገፍተው ዙሩን ያስጨርሱ፤ እሱ ከሐዲዱ ካልወጣ ሎኮሞቲቩም አይወጣም።