ዜማውን ከቅኝቱ የምትጀምር ጊታሪስት

ክራር ደርዳሪ ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ሲሻገር ጨዋታውን ገታ አድርጎ ክሮቹን ያጠብቃል፣ ያላላል። ትዝታ ሜጀርን ወደ ማይነር ለመለወጥ ከአምስቱ ድምፆች ሁለቱን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ማድረግ ይበቃዋል። ጊታሪስት ግን አብዛኛውን ጊዜ ስድስቱን ክሮች ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ብሎ አንዴ ከቃኘ አይነካቸውም፤ ዘፈን በተለወጠ ቁጥር የሚለዋወጠው የጣቶቹ አያያዝ ነው። ካናዳዊቷ ድምፃዊትና የዘፈን ደራሲ ጆኒ ሚቸል ጊታሯን የያዘችው እንደ ክራር ደርዳሪው ነው።

ነገሩ ከችግር ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1943 የተወለደችው ጆኒ በዘጠኝ ዓመቷ ፖሊዮ ያዛት። ከበሽታው ብትድንም ግራ እጇ ደከመ። ኮርድን፣ ማለትም አብረው የሚሰሙ ድምፆችን ጥምር፣ የሚይዘው ደግሞ ግራ እጅ ነው። ጣትን የሚያጨናንቁት የተለመዱ አያያዞች ሲከብዷት፣ ሥራውን ከጣቶቿ ላይ አንስታ ለክሮቹ ሰጠችው።

እንዴት? ቀላሉን ምሳሌ እንውሰድ። ስድስተኛውን፣ አምስተኛውንና አንደኛውን ክር በአንድ አንድ ሙሉ ድምፅ ብናላላ፣ ጊታሩ ሬ፣ ሶል፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሬ ይሆናል። አሁን ምንም ሳንይዝ ክሮቹን ብንመታ የተሟላ የሶል ሜጀር ኮርድ ይሰማል። አንድ ጣት አምስተኛው ፍሬት (የጊታሩ አንገት ክፍፍል) ላይ አጋድመን ስንጫን ዶ ሜጀር፣ ሰባተኛው ላይ ስንጫን ሬ ሜጀር እናገኛለን። ለብዙ ዘፈን የሚበቁት ሦስቱ ኮርዶች በአንድ ጣት ተገኙ ማለት ነው። ይህ ‘ኦፕን ጂ’ የሚባለው ቅኝት (ጂ ማለት ሶል ነው) የእሷ ፈጠራ አይደለም፤ የብሉዝ ጊታሪስቶች ቀድመው ይጠቀሙበት ነበር።

የእሷ ድርሻ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የተገኘውን ቅኝት እንደገና እያዛነፈች የራሷን ትፈጥር ጀመር፤ በሙያ ዘመኗም ሃምሳ ያህል ቅኝቶችን ተጠቅማለች። በአዲስ ቅኝት ጣት የለመደውን ቦታ ቢጫን የለመደው ድምፅ አይመጣም። እጅ መንገዱ ሲጠፋበት መሪው ጆሮ ይሆናል። በመደበኛው ቅኝት የተቀመጠ ደራሲ ሳያስበው ትናንት ወደተጫወተው ኮርድ ይመለሳል፤ አዲስ ቅኝት ላይ የሚመለስበት ትናንት የለውም። ደስታ ይሁን ሐዘን ቶሎ የማይለዩት፣ መልስ ሳይሰጡ የሚንጠለጠሉት የጆኒ ኮርዶች የተገኙት በዚህ ፍለጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው ‘ሄጂራ’ አልበም ውስጥ የጃኮ ፓስቶሪየስ ቤዝ ጊታር ከእነዚህ ኮርዶች ጎን ለጎን ሲዘፍን ይሰማል።

ይህን ሁሉ ቅኝት በቃል መያዝ ስለማይቻል አጭር የአጻጻፍ ዘዴ አበጀች። መጀመሪያ የወፍራሙ ክር ድምፅ ይጻፋል፤ ከዚያ ቀጣዩን ክር ለማግኘት ያለፈው በስንተኛው ፍሬት ላይ እንደሚያዝ በቁጥር ይከተላል። መደበኛው ቅኝት ‘ሚ 5 5 5 4 5’፣ ኦፕን ጂ ደግሞ ‘ሬ 5 7 5 4 3’ ይሆናል።

ዘዴው ዋጋም ያስከፍላል። መድረክ ላይ በየዘፈኑ መሀል ክር መቃኘት ተመልካቹን ያስጠብቃል፤ ገና ሳይረጋ የሚዛነፍ ክርም ዘፋኟን ያሳቅቃል። ችግሩ ሙዚቃውን ጨርሳ እንድትተው ሊያደርጋት ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ሮላንድ ቪጂ-8 የተባለ መሣሪያ ደረሰላት፤ ክሮቹ ሳይነኩ ቅኝቱን በኤሌክትሮኒክስ ይለውጥላታል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአንጎሏ የደም ሥር ላይ በደረሰ ጉዳት ጊታር መጫወትን እንደ አዲስ መማር ግድ ሆነባት፤ በ2022 ግን በኒውፖርት የፎክ ፌስቲቫል መድረክ ላይ ጊታሯን ይዛ ታየች።

በአማርኛ ‘ቅኝት’ የክሩን አወጣጥም የዘፈኑን ጠባይም በአንድ ቃል እንጠራበታለን፤ ጆኒም የሠራችው ሁለቱን ሳትነጣጥል ነው። ቤቱ ጊታር ያለው ሰው ሊሞክረው ይችላል። ክር እንዳይበጠስ ከማጥበቅ ይልቅ ማላላት ይሻላል። አንዱን ክር ዝቅ ያድርግና የሚያውቀውን ኮርድ ይያዝ። የሚሰማው ድምፅ ስህተት ከመሰለው ቶሎ አያርመው፤ ጥቂት ደጋግሞ ይምታውና ያንጎራጉርበት።